ከማሽን ውስጥ የተቀረቀረ ነገር ሲወጣ የሚደርስ የእጅ ጉዳትና መከላከያው

በፋብሪካዎችና በአነስተኛ ማምረቻዎች ሠራተኞች ለእጅ ጉዳት ከሚዳረጉባቸው አጋጣሚዎች አንዱ በማሽን ውስጥ የተቀረቀረን ነገር ለማውጣት የሚደረግ ሙከራ ነው። የሊጥ ማቡኪያ፣ የሥጋ መፍጫ፣ የእህል ወፍጮ፣ የጥጥ መዳመጫ፣ የማተሚያ ማሽንና የዕቃ ማጓጓዣ ቀበቶ ለዚህ ዓይነቱ አደጋ መንስዔ ይሆናሉ። አደጋው የሚደርሰው በመደበኛው የምርት ሂደት ሳይሆን ሥራው ለጥቂት ደቂቃዎች በተስተጓጎለበት ጊዜ በመሆኑ መመሪያ ሲዘጋጅ በቀላሉ ይዘነጋል።

አንድ ሰው አደጋ መኖሩን ተገንዝቦ እጁን መሰብሰብ እስኪጀምር ሩብ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። በሰከንድ 1 ሜትር የሚጓዝ ሮለር በዚሁ ጊዜ 25 ሴንቲ ሜትር ይጓዛል። ይህም ከጣት ጫፍ እስከ እጅ አንጓ ካለው ርዝመት ይበልጣል። በመሆኑም የረጅም ጊዜ ልምድና ቅልጥፍና ያለው ሠራተኛም ቢሆን በፍጥነቱ ብቻ ሊድን አይችልም።

የቆመ ማሽንም ከአደጋ ነፃ አይደለም። ማሽኑ በተቀረቀረው ነገር ምክንያት ሲቆም ቀበቶው እንደተወጠረ፣ የአየር ወይም የዘይት ግፊቱ እንደታመቀ ይቆያል። የተቀረቀረው ነገር ሲነሳ ይህ ኃይል በድንገት ይለቀቃል። ከዚህም ሌላ የሥራ ባልደረባ ሳያውቅ ማሽኑን ሊያስነሳ ይችላል። የኤሌክትሪክ ኃይል በተቋረጠበት ወቅት ማብሪያውን ሳያጠፉ እጅን ማስገባትም እንዲሁ አደገኛ ነው፤ መብራት ሲመለስ ማሽኑ ያለ ማንም ትእዛዝ ሊነሳ ይችላልና።

አደጋውን ለመከላከል በቅድሚያ ማሽኑን ማቆምና ኃይሉን ከዋናው ማቋረጫ መለየት ያስፈልጋል። ቀጥሎ ሥራውን የሚያከናውነው ሠራተኛ ማቋረጫውን በራሱ ቁልፍ ይቆልፋል፤ ማስጠንቀቂያ ጽሑፍም ያንጠለጥላል። የታመቀው ግፊት ከተለቀቀ በኋላ ማሽኑ አለመነሳቱ በማስነሻው ተሞክሮ ይረጋገጣል። የተቀረቀረው ነገር በተቻለ መጠን በእጅ ሳይሆን በመንጠቆ ወይም በሌላ መሣሪያ ይወጣል። ቁልፉን የሚከፍተው የቆለፈው ሠራተኛ ራሱ ሲሆን፣ ይህም መከለያዎቹ ወደ ቦታቸው ከተመለሱ በኋላ ነው። በዩናይትድ ስቴትስ ይህ ዓይነቱ አሠራር እ.ኤ.አ. በ1989 በወጣ ደንብ አስገዳጅ እንዲሆን ተደርጓል።

የእጅ ጓንት በሚሽከረከር ክፍል አጠገብ እጅን ይዞ የመጎተት አደጋ ሊያስከትል ስለሚችል የመቆለፍን ሥርዓት አይተካም።

በኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው ሠራተኞችን ስለሥራው አደገኛነት የማሳወቅ፣ መከላከያ መሣሪያዎችን የማቅረብ እንዲሁም የደረሱ አደጋዎችን መዝግቦ ለሥራ ሁኔታ ቁጥጥር አገልግሎት የማሳወቅ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። አንቀጽ 94 ደግሞ ሠራተኛው የደህንነት መጠበቂያዎችን ከቦታቸው እንዳያነሳ ይከለክላል።

በአንቀጽ 96 መሠረት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ኃላፊ ነው። ይሁንና ሠራተኛው በግልጽ የተሰጠውን የደህንነት መመሪያ በመጣሱ የደረሰ ጉዳት ሆን ተብሎ እንደደረሰ ስለሚቆጠር አሠሪው ኃላፊ አይሆንም። መመሪያው በግድግዳ ላይ ተለጥፎ ሳለ በተግባር ግን ምርት እንዳይስተጓጎል ማሽኑ ሳይቆም እንዲጸዳ የሚፈለግ ከሆነ፣ ሠራተኛው እጁንም ካሣውንም ሊያጣ የሚችልበት ሁኔታ ይፈጠራል።

ስለዚህ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዎችና የድርጅት ኃላፊዎች መመሪያ መኖሩን በማየት ብቻ ሊወሰኑ አይገባም። መቆለፊያዎቹ በየማሽኑ መኖራቸውን፣ ቁልፉ በማን እጅ እንደሚገኝ፣ የሌሊት ተረኞች ሥልጠና ማግኘታቸውን እንዲሁም ማሽን ለቆመባቸው ደቂቃዎች ሠራተኛው የሚወቀስ ወይም ክፍያው የሚቀነስ መሆን አለመሆኑን ማጣራት ይጠበቅባቸዋል። የማሽን መቀርቀር አስቀድሞ የሚታወቅ የሥራው አካል በመሆኑ ለማጽጃ የሚያስፈልገው ጊዜ በምርት ዕቅዱ ውስጥ ሊያዝለት ይገባል።