ራስን ለመከላከል የሚመረጠው የማርሻል አርት ዓይነት

ራስን ከድንገተኛ ጥቃት ለመከላከል ማርሻል አርት መሰልጠን የሚሻ ሰው፣ ከስፖርቱ ዝና ይልቅ የስልጠናውን ይዘት አስቀድሞ መመርመር ይኖርበታል።

ጁዶ እ.ኤ.አ በ1882 በቶኪዮ በጂጎሮ ካኖ የተመሠረተ ሲሆን፣ ትኩረቱ ተጋጣሚን ሚዛን አሳጥቶ መጣልና መሬት ላይ ይዞ ማቆየት ነው። ሰልጣኞች በሙሉ ኃይል እርስ በርስ ስለሚታገሉ፣ ልብሱን ወይም ክንዱን ለተያዘ ሰው ይጠቅማል። በመደበኛ ልምምዱ ግን ቡጢን መመከት አይካተትም።

የኮሪያው ቴኳንዶ በዋነኛነት በእግር ምት ላይ የተመሠረተ በመሆኑ፣ ፍጥነትንና ርቀት ጠብቆ መከላከልን ያዳብራል። በኦሊምፒክ የውድድር ሕጉ ፊትን በቡጢ መምታት ስለሚከለከል፣ በእጅ የሚሰነዘር ጥቃትን ለመመከት ተጨማሪ ልምምድ ይሻል። ከኦኪናዋ የመነጨው ካራቴ እጅንም እግርንም ይጠቀማል። ይሁን እንጂ በብዙ ማሰልጠኛዎች ምቱ አካል ላይ ከማረፉ በፊት ስለሚገታ፣ ሰልጣኙ ትክክለኛውን የምት ኃይል ሳይለምድ ሊቀር ይችላል።

በ1996 ዓ.ም የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 78 እንደደነገገው፣ ራሱን የተከላከለ ሰው ከቅጣት ነጻ የሚሆነው ጥቃቱን በሌላ መንገድ ማስቀረት ካልተቻለና እርምጃው ከአደጋው ጋር ተመጣጣኝ ከሆነ ነው። ጥቃቱን አቁሞ የሸሸን ሰው አሳዶ መምታት ከዚህ ወሰን ውጭ ነው።

ስለሆነም ተመዝጋቢው ከመክፈሉ በፊት፣ ማሰልጠኛው በእውነት ከሚታገል ተጋጣሚ ጋር እንደሚያለማምድ፣ አሰልጣኙም መሸሽን፣ እርዳታ መጥራትንና በጊዜው ማቆምን እንደሚያስተምር ማረጋገጥ ይገባዋል።