አቤት የማይባልበት አለቃ



ሰው ለሰው ታዝዞ መሥራቱ ከጥንት የነበረ ነው። አለቃ ምንም ቢከፋ ግን ፊት አለው፤ ፊት ላለውም አቤት ይባላል። ይህ የአቤቱታ በር በየዘመኑ ሲሰፋና ሲጠብ ኖሯል።

እ.ኤ.አ. በ1911 ፍሬድሪክ ቴይለር የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ፥ የሠራተኛው እንቅስቃሴ ሁሉ በሰዓት እየተለካ እንዲታዘዝ የሚያስተምር መጽሐፍ አሳተመ። በዚያው ዓመት በወተርታውን የጦር መሣሪያ ፋብሪካ የነበሩ ሠራተኞች ልኬቱን ተቃውመው ሥራ አቆሙ። ሰዓት የያዘው ሰው በፊታቸው ቆሞ ነበርና ማንን እንደሚቃወሙ ያውቁ ነበር። በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣው አዋጅ ቁጥር 210 ሠራተኞች በማኅበር እንዲደራጁ ፈቅዶ፥ ክርክራቸውን የሚሰማ ቦርድ አቋቋመ።

ዛሬስ? ከኡራኤል ወደ ካዛንቺስ ስትሄዱ፥ መኪናውን ዳር አቁሞ ስልኩን የሚመለከተውን ነጂ ልብ ብላችሁታልን? ሳምራዊት ፍቅሩ የመሠረተችው ራይድ፥ ፈረስና ሌሎችም ድርጅቶች ተሳፋሪውን በዋጋ ከመከራከር አድነዋል፤ ለብዙዎችም እንጀራ ሆነዋል። ነገር ግን እንዲህ ባለው ሥራ ጥሪውን የሚያከፋፍለውና ሒሳቡን የሚቈርጠው አልጎሪዝም የሚሉት የኮምፒዩተር ስሌት ነው። በሚኒባስ ተራ አስከባሪው ቢያዳላ ነጂው ይሟገተዋል፤ ስሌቱን ግን ማን ይሟገተዋል? ጥሪ ሲዘገይ ምክንያቱን አያውቅም፤ እንዳያመልጠውም ምሳውንና ዕረፍቱን ያሳጥራል። መንዳቱ ብቻ ሳይሆን መጠበቁና መጠራጠሩም ያደክመዋል።

በሌላው ዓለም መድኃኒት መፈለግ ተጀምሯል። እ.ኤ.አ. በ2021 የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የኡበር ነጂዎች ዝቅተኛ ደመወዝና የዕረፍት ክፍያ እንደሚገባቸው ፈረደ። የአውሮፓ ኅብረትም በ2024 ባወጣው መመሪያ፥ ሠራተኛን የማሰናበት ውሳኔ በሰው እንጂ በኮምፒዩተር ብቻ እንዳይሰጥ ደነገገ። የእኛው አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን በቅጥር ውል ላይ የተመሠረተ ስለ ሆነ፥ በራሱ መኪና የሚሠራው ነጂ በቀላሉ ከጥላው ሥር አይገባም።

እናንተ የመንግሥት ሠራተኞች አለቃችሁ ቢበድላችሁ ማመልከቻ ትጽፋላችሁ፤ መዝገብ ቤቱም ቁጥር ይሰጠዋል። መልሱ ቢዘገይ እንኳ አቤቱታችሁ የት እንዳለ ታውቃላችሁ። ደንብ የምታረቅቁና የምትመረምሩ ሁሉ፥ ለዚያ ነጂም ማመልከቻውን ተቀብሎ፥ አንብቦ፥ ምክንያቱን ጽፎ የሚመልስለት ሰው እንዲኖር ማሰብ ይገባችኋል።