ሰዓቱን ብቻ አትቁጠሩ

እ.ኤ.አ. በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እንደጻፈው፣ የአዳሉ ማሕፉዝ ለዓመታት የዘመተው ዐቢይ ጾምን ጠብቆ ነበር፤ ጿሚው በዚያ ወቅት እንደሚደክም ያውቃላ! አልቫሬዝ ያየው ብዙው ጿሚ በቀን አንዴ፣ ያውም ዳቦና ውሃ ብቻ ይቀምስ ነበር። ያደከመው የሰዓቱ ርዝመት ብቻ ሳይሆን የማዕዱ መሳሳትም ነው።

የእናቶቻችን የጾም ገበታ ለዚህ መልስ አለው፦ ከጤፍ እንጀራ ጋር ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ ተልባ።

ዛሬ ለጤና ብሎ የሚጾመው ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ታግሶ በሳምቡሳና በለስላሳ ይፈታል። ባዶ ሆድ ላይ የወረደ ስኳር ደም ውስጥ ፈጥኖ ይወጣል፤ ረሃቡም ቶሎ ይመለሳል። ከሥጋ፣ ከእንቁላልና ከወተት ለረጅም ጊዜ የሚርቅም ቫይታሚን ቢ12 ሊያጥረው ይችላል።

ወዳጆቼ፣ ሰዓቱን እንደምትጠብቁ ሳህኑንም ተመልከቱ።