የናፍጣ ሞተር ቅያሪ

አንድ ተሽከርካሪ ከፋብሪካ ይዞት የወጣውን ሞተር አውርዶ፣ ባሕርዩም መጠኑም ልዩ የሆነ የናፍጣ ሞተር በስፍራው የመትከል ሥራ ነው። በአሜሪካ ለዚህ ተግባር ስማቸው ከሚነሣው አንዱ ባለ 4 ሲሊንደሩ፣ 3.9 ሊትሩ ከሚንስ 4ቢቲ ሲሆን፣ እርሱም እ.ኤ.አ. ከ1989 ሞዴል ጀምሮ በዶጅ ራም ፒክአፕ ላይ የተገጠመው የ5.9 ሊትሩ ሞተር ታናሽ ወንድም፣ አብዛኛውን ጊዜም ዳቦ ሲያከፋፍሉ ኖረው ካረጁ መኪኖች የሚወርድ ነው። በተለመደው ዐይነቱ 105 የፈረስ ጉልበት ብቻ ቢኖረውም፣ ኃይሉን በዝቅተኛ ዙር ስለሚሰጥ ሸክም አይፈራም፤ ነዳጁም ያለ ኮምፒዩተር በመካኒካዊ ፖምፓ ስለሚረጭ፣ አንድ ጊዜ ከተነሣ በኋላ የሚሻው የነዳጅ ማቋረጫውን ከፍቶ የሚይዝ አንድ ሽቦ ነው፤ ለመካኒክ ከዚህ የሚበልጥ በረከት መኖሩን እንጃ።

ድካሙ ሁሉ ከሞተሩ ይልቅ በዙሪያው ነው። ከነባሩ ካምቢዮ ጋራ የሚያጋጥመው ብረት በልኩ ካልተሠራ ዘንጉ ተዛንፎ ፍሪሲዮኑን ይበላል፤ ክብደቱ ከ300 ኪሎ ግራም ስለሚያልፍ የፊት ሞላ መጠንከር ይኖርበታል፤ ዙሩም በደቂቃ 2500 አካባቢ ስለሚገታ፣ የዲፈረንሻሉ ጥርስ ካልተለወጠ መኪናው በአውራ ጎዳና እያገሣ ያዘግማል። ብዙዎች የሚዘነጉት ፍሬኑን ነው፦ የቤንዚን ሞተር አየር ሲስብ የሚፈጥረውንና ፔዳሉን የሚያግዘውን ቫኪዩም ናፍጣ ስለማይሰጥ፣ ለብቻው የቫኪዩም ፖምፓ ካልተጨመረ በቀር እግር የቱንም ያህል ቢጫን ፔዳሉ ደርቆ ይጠብቀዋል። ሚዛን የሚጠብቅ ዘንግ ስለሌለውም፣ ለስላሳ የሞተር ጎማ ቢደረግለት እንኳ በቆመበት የጎን መስተዋቱን ያንቀጠቅጣል።