«የትምህርት ቤት ምስለኔ»፦ ቀጥተኛ ዴሞክራሲ፣ ትምህርትና ብልጽግና በስዊዘርላንድ ታሪክ
ስዊዘርላንድ የባሕር በር የሌላት፣ ስፋቷ ከ41,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ጥቂት ብቻ የሚበልጥ፣ ይህ ነው የሚባል የማዕድን ሀብት ያልታደላት ተራራማ አገር ናት። ዛሬ በዓለም ከበለጸጉት አገሮች ተርታ የምትቆጠረው ይህች አገር በ1816 እና በ1817 ረሃብ ደርሶባት ነበር (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ የተሰጠው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ብዙም ሳይቆይ ከፍሪቡርግ የተነሡ ስደተኞች በብራዚል ምድር ኖቫ ፍሪቡርጎ የተባለችውን ከተማ ቈረቈሩ። ልጆቿም ለባዕዳን ነገሥታት በቅጥር ወታደርነት ሲያገለግሉ ኖረዋል።

የዚህ ለውጥ ምክንያት ሲጠየቅ በመጀመሪያ የሚነሣው በ1815 በኃያላኑ የታወቀላት ገለልተኝነት ነው። ይህም ሐሰት አይደለም፤ ሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ጎረቤቶቿን ሲያወድሙ እርስዋ ፋብሪካዎቿ ሳይፈርሱ ቀርታለች። ይሁን እንጂ ሰላም ብቻውን የሠለጠነ ሠራተኛ አያስገኝም። ለመምህሩና ለዕቅድ አውጪው ይበልጥ የሚጠቅመው፣ ሕዝቡ በሕግ ላይ በቀጥታ ድምፅ የመስጠት መብቱና ትምህርት ቤቱ እንዴት እንደ ተያያዙ መመርመር ነው።

በኅዳር 1847 ከተደረገውና አንድ ወር ካልሞላው የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ፣ በ1848 የፌዴራል ሕገ መንግሥት ታወጀ። ካንቶን የሚባሉት ክፍላተ አገር ግን አብዛኛውን ሥልጣናቸውን፣ ይልቁንም ትምህርት ቤቶቻቸውን፣ በእጃቸው አስቀሩ። በ1874 የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሁለት ነገሮችን በአንድነት ደነገገ። በአንድ በኩል 30,000 ዜጎች በ90 ቀን ውስጥ ከፈረሙ ምክር ቤቱ ያወጣው ሕግ ለሕዝበ ውሳኔ ይቀርባል አለ። በሌላ በኩል የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ግዴታና ያለ ክፍያ እንዲሆን አዘዘ። ሕግን የመሻር መብት የተሰጠው ገበሬ ልጁን የማስተማር ግዴታ አብሮ ተጣለበት ማለት ነው።

ይህ አዲስ መብት ብዙም ሳይቆይ ከባድ ፈተና ገጠመው። በ1877 የወጣው የፋብሪካ ሕግ ከ14 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች በፋብሪካ እንዳይሠሩ ከለከለ፤ የሥራውንም ቀን በ11 ሰዓት ወሰነ። ባለፋብሪካዎች ንግዳችን ይጠፋል ብለው ፊርማ አሰባሰቡ። ልጆቻቸው የሚያመጡት ሳንቲም እንዳይቀርባቸው የሰጉ ድኾች ወላጆችም አልጠፉም። በጥቅምት 21 ቀን በተደረገው ድምፅ 181,204 ሰዎች ደገፉት፤ 170,857 ተቃወሙት። የሕፃናቱ ዕድል የተቆረጠው ከአሥር ሺህ ጥቂት በሚበልጥ የድምፅ ልዩነት ነበር። የተፈራው ጥፋት ግን አልደረሰም፤ የሰዓት፣ የማሽንና የኬሚካል ኢንዱስትሪዎች ከዚያ በኋላም እየተስፋፉ ሄዱ። እነዚህ ሥራዎች ደግሞ ማንበብና ማስላት የሚችል ሠራተኛ የሚሹ ነበሩ። ለከፍተኛ ባለሙያዎች ከ1855 ጀምሮ የዙሪክ ፖሊቴክኒክ ነበረ። በዐፄ ምኒልክ ዘንድ ለረጅም ዘመን ያገለገለው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ የተማረው በዚሁ ተቋም ነው።

ከዚህ በኋላ የመጣው ታሪክ ዕቅድ አውጪን በእጅጉ የሚመለከት ነው። የአገር ውስጥ ጉዳይ ኃላፊ የነበረው ካርል ሼንክ፣ ካንቶኖች የትምህርቱን ድንጋጌ በትክክል መፈጸማቸውን የሚከታተል አንድ የፌዴራል የትምህርት ጸሐፊ እንዲሾም አሳቡን አቀረበ፤ ምክር ቤቱም በ1882 ተቀበለው። በወረቀት ላይ ሲታይ የአንድ ሰው ሹመት ነው። ተቃዋሚዎቹ ግን ሹሙን «የትምህርት ቤት ምስለኔ» የሚል ስም አወጡለት። ቃሉ አባቶቻቸው ታገሏቸው የሚባሉትን የባዕድ ገዢዎች እንደራሴዎች ያስታውስ ስለ ነበር ከብዙ ንግግር ይልቅ ሠራ። ሃይማኖት ከትምህርት ቤት ሊወጣ ነው የሚለው ስጋት ካቶሊኮችንና ወግ አጥባቂ ፕሮቴስታንቶችን በአንድነት አሰለፈ። 30,000 ፊርማ በሚበቃበት ከ180,000 በላይ ተሰበሰበ። ኅዳር 26 ቀን 172,010 ሰዎች ሲደግፉ 318,139 ተቃወሙ፤ ዕቅዱም ወደቀ።

ውድቀቱ የትምህርቱ ውድቀት ግን አልሆነም። ከ1875 ጀምሮ ለውትድርና የሚመለመል ወጣት ሁሉ በንባብ፣ በድርሰት፣ በሒሳብና ስለ አገሩ ባለው ዕውቀት ይፈተን ነበር፤ ውጤቱም በየካንቶኑ ተለይቶ በይፋ ይታተማል። ወደ ኋላ የቀረው ካንቶን ማንም ሳያዘው በጎረቤቱ ፊት ያፍር ነበር። በእኔ አስተያየት ከሼንክ ጸሐፊ ይልቅ ይህ የታተመ ሠንጠረዥ ብዙ ሳይሠራ አልቀረም። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በኅዳር 1902፣ የፌዴራሉ መንግሥት በሌላ መንገድ መጣ፤ ትምህርቱ በካንቶኖች እጅ እንደ ሆነ የገንዘብ ድጎማ ልስጥ አለ። ያው ሕዝብ በከፍተኛ ድምፅ ተቀበለው። የባቡር ሐዲዱም ነገር እንዲሁ ነው፤ በ1891 የአንዱን ኩባንያ ግዢ የከለከለ ሕዝብ በ1898 ዋና ዋናዎቹ ሐዲዶች የመንግሥት ንብረት እንዲሆኑ ፈቀደ።

ይህ ዝግታ ዋጋ አስከፍሏል። በእነዚህ ሁሉ ዘመናት «ሕዝብ» የተባለው ወንዱ ብቻ ነበር። የሴቶች የመምረጥ መብት በ1959 በወንዶች ድምፅ ተከልክሎ በ1971 ብቻ ተፈቀደ። በአፐንዘል ኢነርሮደን ካንቶን ደግሞ ወንዶቹ እምቢ በማለታቸው፣ በ1990 የፌዴራሉ ፍርድ ቤት እስኪወስን ድረስ ሴቶች በካንቶኑ ጉዳይ ድምፅ አልነበራቸውም። ከሴት መምህራን ብዛት አንጻር ሲታይ፣ ስለ ዜግነት የሚያስተምሩት ራሳቸው ሙሉ ዜጋ ያልነበሩበት ዘመን ረጅም ነበር።

በግንቦት 2006 የትምህርት ሥርዓቱ በዋና ዋና ነጥቦች እንዲጣጣም የሚያዝ የሕገ መንግሥት አንቀጽ ለሕዝብ ቀርቦ በ85.6 በመቶ ጸደቀ። ካንቶኖቹ ካልተስማሙ ፌዴራሉ መንግሥት ጣልቃ እንዲገባ ፈቀደ፤ 1882 ላይ የተከለከለው በከፊል ከ124 ዓመት በኋላ ተገኘ ማለት ይቻላል። ዳሩ ግን ካንቶኖቹ ስምምነቱን ለመፈጸም ሲነሡ ልጆች ከአራት ዓመት ጀምሮ ወደ መዋዕለ ሕፃናት የመግባት ግዴታ እንዳለባቸው ታወቀ። ወላጆችም እንደገና ፊርማ ማሰባሰብ ጀመሩ፤ በመስከረም 2008 የሉሰርን ካንቶን ሕዝብ ስምምነቱን ውድቅ አደረገው፤ በኅዳርም ቱርጋውና ግራውቡንደን ተከተሉ።