የተቋረጡ የውኃ ዳርቻ መስመሮች በክፍት የካርታ መረጃ ላይ፦ መንስኤና አስተራረም

ክፍት የካርታ መረጃ ማንኛውም ሰው በፈቃድ ውሉ መሠረት ሊጠቀምበት፣ ሊያርመውና መልሶ ሊያሰራጨው የሚችል የመልክዓ ምድር መረጃ ነው። በስፋት የሚታወቀው እ.ኤ.አ. በ2004 የተመሠረተው ኦፕን ስትሪት ማፕ ነው። ከዚህ መረጃ በተዘጋጀ ካርታ ላይ የብስ ውኃ መስሎ፣ ሐይቅ ጠፍቶ ወይም ደሴት ተሰውሮ ሲታይ፣ አንዱ የተለመደ መንስኤ የዳርቻ መስመር መቋረጥ ነው።

ስሕተቱ እንዴት ይፈጠራል?

የባሕር ጠረፍ የብሱን በስተግራ፣ ውኃውን በስተቀኝ አድርጎ የሚሄድ ተከታታይ መስመር ሆኖ ይመዘገባል። መስመሩ ክፍተት ካለው ወይም የአንዱ ክፍል አቅጣጫ ከተገለበጠ፣ ካርታ ሠሪው ሶፍትዌር ውኃው በየትኛው ወገን እንደሆነ መለየት ይሳነዋል። ኢትዮጵያ የባሕር ጠረፍ ባይኖራትም፣ የአፍሪካ ቀንድ ካርታ ሲዘጋጅ የቀይ ባሕር ጠረፍ ይካተታል።

ሐይቅ የሚመዘገበው በዝግ ቅርጽ ነው። የጣና ሐይቅ የውጭ ዳርቻ ካልተዘጋ ሐይቁ ከካርታው ሊጠፋ ይችላል፤ የዳጋ እስጢፋኖስ ደሴት ዳርቻም የውስጥ ዳርቻ ተብሎ ካልተመዘገበ ደሴቱ በውኃ ተሸፍኖ ይታያል።

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ አልፎ ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ የሚወርደው ትንሹ አቃቂ ወንዝም፣ ስፋቱ በዝግ ቅርጽ በሚሣልበት ሥፍራ ለዚሁ ስሕተት የተጋለጠ ነው።

እርማቱ እንዴት ይከናወናል?

1. የመስመሩን ክፍሎች ጫፎች መመርመርና ተለያይተው የቀሩትን በአንድ የጋራ ነጥብ ማገናኘት፤
2. የጠረፍ መስመር አቅጣጫን ማረጋገጥ፣ የተገለበጠውን መመለስ፤
3. የሐይቅና የወንዝ ቅርጾችን የውጭና የውስጥ ዳርቻ ለይቶ መመዝገብ፤
4. የአንድ ክፍለ ከተማ ካርታ ብቻ ሲፈለግ፣ የውኃውን ቅርጽ በሙሉ ከገነቡ በኋላ በወሰኑ ላይ መቁረጥ፤
5. እርማቱን ከመስክ ምልከታ ወይም ለዚሁ ዓላማ ከተፈቀደ የሳተላይት ምስል ላይ ብቻ መሥራት። የባለቤትነት መብቱ ከተጠበቀ ካርታ መገልበጥ አይፈቀድም።

ባለይዞታዎች ሊገነዘቡት የሚገባ

በክፍት ካርታ ላይ አንድ ቤት በወንዝ ውስጥ ወይም ዳር መታየቱ ብቻውን በይዞታ መብት ላይ የተሰጠ ውሳኔ አይደለም። የከተማ መሬት ይዞታ የሚመዘገበው በሕግ መሠረት ነው።

መስመሩ ትክክል ሆኖም ይዞታው ያለቦታው ሊታይ ይችላል። በአዲንዳን ሥርዓት የተመዘገቡ የማዕዘን ነጥቦች ሳይቀየሩ በዓለም አቀፉ የጂፒኤስ ሥርዓት በተሠራ ካርታ ላይ ቢቀመጡ፣ በአዲስ አበባ ከ200 ሜትር በላይ ይዛነፋሉ። ስለዚህ ነጥቦቹ በየትኛው ሥርዓት እንደተለኩ አስቀድሞ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

በወንዝ ዳርቻ የሚገኝ ይዞታን በተመለከተ ጥያቄ ያላቸው ዜጎች የይዞታ ማረጋገጫ ሰነዳቸውን ይዘው ይዞታቸው ለሚገኝበት ክፍለ ከተማ የመሬት ይዞታ ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ማቅረብ ይኖርባቸዋል። ከስልክ ላይ የተነሣ የካርታ ምስል ሰነዱን አይተካም።