ወለል ማውዛት

ከቀበና ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን በሚወስደው መንገድ፣ በአንድ ምሰሶ ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ አየሁ፦ «የጠንካራ እንጨት ወለል ዳግም ማጠናቀቅ»። ቆሜ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ብዙም ሳይቆይ ያው ሐረግ ማኅተም ባረፈበት የዋጋ ማቅረቢያ ላይ ተጽፎ እጄ ገባ። የተጣመመ ቃል ማኅተም ካገኘ በኋላ ማቃናት ከባድ ነውና ሳይከርም ልናገር።

ሥራው ለብዙዎቻችን እንግዳ አይደለም። የተቧጨረና የደበዘዘ የጣውላ ወይም የፓርኬ ወለል በማሽን አለዚያም በብርጭቆ ወረቀት ይፋቃል፤ ከሻካራው ከ40 ቁጥር ተነስቶ፣ በ80 አልፎ እስከ 120። አቧራው ይጠረግና ቫርኒሽ ወይም ዘይት ሳሳ ተደርጎ ይደጋገምለታል። ያለው ይኸው ነው።

«ጠንካራ እንጨት» ከመነሻው ያሳስታል። ቃል በቃል የተተረጎመበት የፈረንጆቹ አከፋፈል ጥንካሬን አይለካም፤ ቅጠለ ሰፋፊ ዛፎችን ከእነ ጥድ ወገን የሚለይ ነው። በዚያ ሚዛን ከእንጦጦ በሴቶች ጀርባ የሚወርደው ባሕር ዛፍ «ጠንካራ» ሲባል፣ ቤት ሠርተን የኖርንባቸው ጥድና ዝግባ ደግሞ «ለስላሳ» ይባላሉ። የእንጨት ወለል ብንል ምን ይጎድልብናል?

«ዳግም ማጠናቀቅ» ደግሞ የባሰ ነው። ማጠናቀቅ ሥራን ከዳር ማድረስ ነው፤ ስለ እንጨት ገጽታ አንዳች አይናገርም። «አጨራረስ» የሚሉም አሉ። በእኛ ቋንቋ ግን ምስጥ ወለሉን ጨረሰው ይባላል፤ ዳግም ከጨረሰው ምን ሊተርፍ ነው?

«እድሳት» ጥሩ ቃል ነው፣ ግን ሰፋ። ለግንበኛ «ወለሉን አድስልኝ» ያለ ሰው ማታ ሲመለስ ሳንቃው ተነቅሎ ደጅ ተከምሮ፣ ክፍሉ ሴራሚክ ለብሶ ሊጠብቀው ይችላል። የዕድሜ ልክ ጣውላ ማገዶ የሚሆነው፣ አንዳንዴ፣ ትክክለኛው ቃል ባለመገኘቱ ነው።

«ማሟሸት» ልቤን ከፍሎት ነበር። አዲስ ምጣድ በጎመን ዘር ታሽቶ ሲሟሽ ላየ፣ እንጨትን ዘይት ከማጠጣት ጋር ይመሳሰልበታል። ሆኖም የሚሟሸው አዲስ ዕቃ ነው፤ የእኛ ወለል ግን ብዙ የተረገጠ ነው።

«መፋቅ»ስ? ሥሩ የግእዙ ፈሐቀ ነው፤ ሐ በአማርኛ ተውጣ ቃሉ ፋቀ ሆነ። የጥርስ መፋቂያችን ከዚሁ ይወለዳል። ብራና የሚያዘጋጀው ሰው ቆዳ ይፍቃል፤ የጥንት ጸሐፊዎችም መጽሐፉን የሰረቀውን ብቻ ሳይሆን የፋቀውንም ይረግሙ ነበር። ትክክል ነው፣ ያለ መፋቅ ሥራው የለም። ነገር ግን የሥራውን ግማሽ ብቻ ይነግረናል፤ ተፍቆ የቀረ ወለል ገርጥቶ ውኃና እድፍ የሚጠጣ ወለል ነው።

ሌላውን ግማሽ ያገኘሁት ከአናጢ አፍ ነው። በአንድ አሮጌ ቤት ተንበርክኮ፣ በአመድማ ሳንቃ ላይ ዘይት በጨርቅ ሲያሽ ደረስኩ። የእንጨቱ መስመር ከሥር ቀላ ብሎ ብቅ ሲል ቀና አለና «አየህ ልጄ፣ ወዙ መጣ» አለኝ።

ወዝ! የፊት ወዝ፣ የሠራተኛ ወዝ። በአብዮቱ ዘመን ለፕሮሌታሪያት ስም ሲፈለግ «ወዝአደር» የተባለው ከዚህ ነው፤ «ላብአደር»ም ተቀናቃኙ ነበር። ቃሉ ከእንጨት ጋርም ቆይቷል፤ ቅቤ ጠጥቶ፣ በእጅ ብዛት የወዛ ዱላ ገጠር ያደገ ሁሉ ያውቃል። ወዝ ከላይ የሚለጠፍ ሳይሆን ከውስጥ የሚወጣ ነው፤ ወለል ሲፋቅ የሚፈለገውም እርሱ ነው።

ስለዚህ ሥራው «ወለል ማውዛት» ይባል። ዝርዝር ለሚሻ «ወለል ፍቆ ማውዛት»፤ አማርኛ ተከታታይ ሥራን እንዲህ ማያያዝ ይችልበታል። ቃሉ ይረባልም፦ ወለሉ ወዛ፣ አናጢው አወዛው፣ ቫርኒሹና ዘይቱ ማውዣ። ጣውላን ከጣሊያን፣ ፓርኬን ከፈረንሳይ ወስደን የራሳችን አድርገናል፤ ውሰትን አልጠላም። ያለንን ጥሎ የተሰበረ ትርጉም መለጠፍ ግን ቋንቋውን ማደህየት ነው።

ማስታወቂያ የምትጽፉ፣ የዋጋ ማቅረቢያ የምታዘጋጁ ወገኖቼ፦ ቀጣዩን ወረቀት ስታሳትሙ «የእንጨት ወለል እናወዛለን» ብላችሁ ጻፉ።